ሊጡ ሲቦካ ጸጋው የማን ነው?

ይህ የበይነ መረብ የውይይት ክር፣ ማለትም አንድ ጽሑፍና ተከታታይ መልሶቹ፣ የተከፈተው ነሐሴ ገብቶ፣ የፍልሰታ ጾም በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ማታ ነው። ባሕር ዳር ቀኑን ሙሉ ዘንቦባታል፤ መብራቱም ሄድ መለስ ይላል።

የመክፈቻው ጽሑፍ ላይ ላዩን ሲያዩት የጓዳ ወሬ ነው። ጸሐፊዋ የእንጀራ ሊጥ አቡክታ፣ ቡሃቃዋን ከድና የምትተኛ ሴት ጠዋት የምታገኘውን ነገር ታነሣለች፤ ሊጡ ያለ እሷ እጅ ሥራውን ይዟል። እግዚአብሔር ባልታሰበ ቦታ የሚሰጠው ጸጋ እንዲህ ያለው አይደለም ወይ ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄዋንም በደፈናው አልተወችውም። ለሦስት ኪሎ ጤፍ ግማሽ ሊትር ያህል እርሾና አምስት ሊትር የማይሞላ ውሃ፤ ውሃው በአንዴ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ፣ ዱቄቱ እንዳይጓጉል በመዳፍ እየታሸ። ከዚያ ይከደናል። ሙቀቱ በሚበረታበት በጋ ለባሕር ዳር ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ እንዲህ እንደ ነሐሴ ሲቀዘቅዝ ሦስተኛውን ቀን ይጠይቃል። በእነዚህ ቀናት ሴትዮዋ የምትሠራው ምንም የለም። ከማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ዘር ዘርቶ የሚተኛውን ሰው ትጠቅሳለች፤ ዘሩ ይበቅላል፣ እሱ ግን እንዴት እንደሆነ አያውቅም። እግዚአብሔር ለወዳጁ እንቅልፍን እንደሚሰጥ የሚናገረውን መዝሙር 127ንም ጨምራለች። የክርክሯ ማሰሪያ በጣና ሐይቅ ዳር የሚሠራ ሥራ ሁሉ፣ ቡናው ቢሉ ታንኳው፣ የሰው እጅ ከላዩ የሚነሣበት ሰዓት አለው፤ ጸጋውም የሚታየው በዚያ ሰዓት ነው የሚል ነው።

1ኛው መልስ አጭርና ጨዋ እርማት ነው። በቤተ ክርስቲያን ዳዊት የሚደግም ሰው 127ን ቢገልጥ ያንን ቃል አያገኘውም፤ እዚያ ቁጥሩ 126 ነው። ስለ ፍሬ ነገሩ ተስማምቶ፣ እኅቴ በርቺ ብሎ ሄዷል።

2ኛው ከጣና ዳሯ ዘጌ ወገን ያለ ሰው ይመስላል፤ ቡናን የሚያውቀው በወሬ አይደለም። በባሕረ ገብ ምድሩ በቀደመው ሥርዓት እርሻ እንደማይታረስ፣ ከብትም እንደማይረባ ያስታውሳል። ትውፊቱንም ያነሣል፤ የአቡነ በትረ ማርያም በትር ለሦስት ተሰብሮ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። ከዚያ ወደ ሥራው ይገባል። የሚለቀመው የቀላው ብቻ ነው። አረንጓዴው ከቀይ ጋር ከተደባለቀ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እርጥብ ይቀርና ሻጋታ ያመጣል። ፍሬው መሬት ላይ ሳይሆን ከመሬት ከፍ ብሎ በተዘረጋ አልጋ ላይ፣ ውፍረቱ ከሦስት ጣት ሳይበልጥ ይሰጣል፤ ባዶ አፈር ላይ የደረቀ ቡና ሲፈላ አፈር አፈር ይላል። በቀን ብዙ ጊዜ ይገላበጣል፣ ማታ ይሸፈናል፣ ደመና ሲመጣ ይሸፈናል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ እፍኝ ይዘው ሲያናውጡት ከጀንፈሉ ውስጥ መንኳኳቱ ሲሰማ ደርሷል። እንግዲህ በቡናው በኩል እጅ የሚነሣበት ሰዓት የቱ ነው ብሎ በትሕትና ይጠይቃል። ፀሐይዋ ስጦታ ናት፤ ማገላበጡ ግን የሰው ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ ክር ውስጥ የመጀመሪያው ጠንካራ መልስ ይኸ ነው፤ የመክፈቻዋ ጸሐፊ ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ከረጢት መክተቷን ሳይሳደብ አሳይቷል።

3ኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። ሊጡን የሚያቦካው እርሾና ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች ናቸው ይላል። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ኮምጣጣነቱ አሲድ ነው። ሙቀት ሲጨምር ይፈጥናሉ፣ ሲቀንስ ይዘገያሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሊጧ ከደጋው ይቀድማል። ይህንን ጸጋ ካልነው ደግሞ ወደ ደጋዋ ከተማ ደብረ ታቦር ሲወጣ ጸጋው ይበርደዋል ማለት ነው ብሎ ዘጋ። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ብዙዎችን ግን አስቆጥቷል።

4ኛው ሳይቆጣ መለሰ። ከምን እንደተሠራ ማወቅ የሰጠውን መካድ አይደለም ይላል። ወደ ዘፀአት 16 ይወስደናል። መና ከሰማይ የወረደ ነው፤ ሆኖም ልክ ነበረው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጎሞር። እስከ ጠዋት ያስቀመጠው ተላበት፣ ሸተተበት። በስድስተኛው ቀን ግን እጥፍ ተሰብስቦ ሲያድር አልተበላሸም። ሕዝቡ መጀመሪያ ሲያዩት ምንድን ነው ተባባሉ እንጂ ተአምር ነው አላሉም፤ ስሙም ከዚያ ጥያቄ ወጣ። እንግዲህ በመጽሐፍ ራሱ ጸጋ በመስፈሪያ ይለካል፣ ሙቀትም ያገኘዋል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ይቀልጥ ነበርና። የ3ኛው ጸሐፊ የደብረ ታቦር ጥያቄ በዚህ ግማሽ መልስ አግኝቷል ባይ ነኝ።

5ኛው በሌላ በኩል መጣ፤ ኃይለኛም ነው። እርሾ በመጽሐፍ ቅዱስ የክፋት ምሳሌ መሆኑን ማንም ያነበበ ያውቃል ይላል። ጌታ ከፈሪሳውያን እርሾ ተጠንቀቁ ብሏል፤ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች አሮጌውን እርሾ እንዲያስወግዱ ጽፏል። በፋሲካ ሰባት ቀን እርሾ ከቤት ይወጣ ነበር። ጸጋን በእርሾ መመሰል ካለማወቅ የመጣ ነው ብሎ፣ ጸሐፊዋን ከጓዳ ወጥታ መጽሐፉን እንድታነብ መከራት። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ባትጨመር መልካም ነበር።

6ኛው መጽሐፉን ከፍቶ ጠበቀው። ማቴዎስ 13 ቁጥር 33 ላይ መንግሥተ ሰማያት በእርሾ ተመስላለች፤ ያውም ሴት ወስዳ በሦስት መስፈሪያ ዱቄት በሸሸገችው። ሦስት መስፈሪያ ለአንድ ቤት አይደለም፣ ለድግስ የሚሆን ነው። እርሾ በአንድ ቦታ ለክፋት፣ በሌላ ቦታ ለመንግሥቱ ተመሰለ፤ አንበሳም እንዲሁ ነው፤ ለይሁዳ አንበሳም ለሚያገሣው ጠላትም ሆኗል። ደግሞስ በቤተ ክርስቲያን ቤተልሔም ለቁርባን የሚጋገረው ኅብስት የቦካ መሆኑን ወንድማችን ያውቃል ወይ ብሎ በጥያቄ ተወው።

7ኛው አሜን ብቻ ነው፤ ከአበባ ሥዕል ጋር።

8ኛው ቃል የሚመዝን ሰው ነው። የምታወሩት ስለ በረከት ነው እንጂ ስለ ጸጋ አይደለም ይላል። ሊጧ የማይነጥፍላት፣ ሦስት ኪሎዋ እንደ አራት ኪሎ የሚሆንላት ሴት እጇ በረከት አለው ይባላል፤ እጇ ጸጋ አለው ሲባል ግን ሌላ ነገር ነው። ጸጋ ሳይገባን የተሰጠን፣ በሥራ የማይገኝ የመዳን ስጦታ ነው፤ ኤፌሶን 2 ቁጥር 8። የአረፋ ቆጠራን በዚያ ስም መጥራት መስቀሉን ማርከስ እንዳይሆን ይሰጋል። አነጋገሩ ጠንካራ ነው፤ ስድብ ግን የለበትም።

9ኛው የመክፈቻዋ ጸሐፊ ናት። አማርኛው ራሱ የተፈጥሮ ጸጋ የሚል አነጋገር አለው፤ ስለ ጣና ስናወራ በየቀኑ እንለዋለን ትላለች። ፀሐይን በክፉዎችና በበጎዎች ላይ የሚያወጣ፣ ዝናብንም ለጻድቅና ለኃጥእ የሚያዘንብ አባት የሚሰጠው ከየትኛው መዝገብ ነው ብላ ትጠይቃለች። ሊጥ ያድናል አላልኩም፤ ሰጪው አንድ ነው አልኩ እንጂ ብላ ለየች። ለ2ኛው ደግሞ እጅ ነሥታለች፤ ቡናን ከሊጥ ጋር መደባለቋ ስሕተት መሆኑን ተቀበለች።

ክሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። 10ኛው ባይመጣ።

10ኛው እንዲህ ይላል፤ ሊጥ ሲነሣ ጸጋ ነው ካላችሁ፣ ሳይነሣ ሲቀርስ? የሚበላሽባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ዘረዘረ፤ ዝርዝሩ የሚያሳየው በዓመት አንዴ ለወግ የሚጋግር ሰው እንዳልሆነ ነው። አብሲት ሲሠራ ከቦካው ሊጥ አሥረኛው እጅ ያህል ተወስዶ በሦስት እጥፍ ውሃ ይበጠበጥና፣ እየተማሰለ እንደ ገንፎ ውሃ እስኪወፍር ይበስላል። ይህ ሳይበርድ ከተመለሰ ሊጡን ይገድለዋል፤ እንጀራው ዐይን አያወጣም፣ ድፍን ይሆናል። ሳይበስል ከተመለሰ ደግሞ ሊጡ አየሩን መያዝ አይችልም፤ እንጀራው ምጣድ ላይ ይሰነጠቃል፣ በማግስቱም ይደርቃል። አብሲት ገብቶ ኩፍ ካለ በኋላ ሰዓት ካለፈበት ይወርዳል፤ ከወረደ ዐይኑ ይጠፋል። ምጣዱ ሳይግል ከተሰፋ ሥሩ ይይዛል። አብዝቶ ከጋለ ዐይኑ በአንዴ ይፈነዳና ሥሩ ያርራል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የተዘጋጀ ሊጥ ሲጠብቅ ኮምጣጤ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሲያምር እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሲበላሽ እሷ ሙያ የላትም፤ ይህ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው ብሎ ጠየቀ። ቃሉ ስለታም ነው፤ ስለታምነቱም የተገባ ነው።

11ኛው ሒሳቡን ትቶ ለብልሽቱ መድኃኒት አመጣ። አብሲት በርዷል አልበረደም ለማለት ትንሿን ጣት አግብቶ አሥር እስኪቆጥሩ ማቆየት መቻል አለበት፤ ካቃጠለ ገና ነው። ሊጥ ከኮመጠጠ ከላይ ያቀረረውን ውሃ አፍስሶ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ አድርጎ ከላይ ማስተኛት፣ ሲጠል እንደገና ማፍሰስ። መብራት እንደሚጠፋ ከተጠረጠረ ቡሃቃውን ከቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ፣ ከመሬት ላይ ማዋልና አብሲቱን እስከ መጋገሪያው ሰዓት አለመጨመር። ምጣዱን በጎመን ዘር አሽቶ፣ መጀመሪያ እንጎቻ ጥሎ መፈተን። እንጎቻው ዐይኑ እኩል ከወጣ ሌላው ይከተላል።

12ኛው ለ10ኛው ጥያቄ በእውነት የመለሰ ይመስለኛል። የተበላሸውም አይጣልም ይላል። ድፍን የሆነው እንጀራ ተቆራርሶ ሰፌድ ላይ ይሰጣል፣ በፀሐይ ሁለት ቀን ሲደርቅ ድርቆሽ ይሆናል። በክረምት ፀሐይ ስለሌለች ጋግረው ሲጨርሱ እየቀዘቀዘ ባለው ምጣድ ላይ በትኖ ማድረቅ ይቻላል፤ እርጥበት ይዞ ከረጢት ከገባ ግን በሳምንት ይሻግታል። ጌታ አምስት የገብስ እንጀራ አብዝቶ ካጠገበ በኋላ ምንም እንዳይጠፋ ቁርስራሹን ሰብስቡ ብሏል፤ አሥራ ሁለት መሶብም ሞልቷል። ተአምር ማድረግ የሚችል ጌታ ፍርፋሪ አስለቀመ። እንግዲህ ዐይን ያላወጣው እንጀራ ከጸጋው ውጭ ነው ያለው ማን ነው? እንደ መልስ የሚቆጠረው ይኸ ጥያቄ ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ሐይቁ ገባና መመለሻው ጠፋ።

13ኛው ስለ ታንኳ ነው። ታንኳው የሚሠራበት የደንገል ግንድ ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የቋጠረ ስለሆነ ይንሳፈፋል። ታጭዶ ጥቂት ቀን ተሰጥቶ ቀለሙ እስኪነጣ ይደርቃል፤ ከዚያ በነዶ በነዶ ተጠርዞ በልጥ ይታሰራል፣ አፍንጫው ቀጥኖ ወደ ላይ ይቀናል። ታንኳን የሚገድለው ማዕበል አይደለም፣ ሥራ ነው። ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል፤ ሲመለስ ወደ ዳር ተጎትቶ፣ ቆሞ፣ ውሃው ካልተንጠፈጠፈና ካልደረቀ ቶሎ ይበሰብሳል። በደንብ ቢያርፍ እንኳ ዕድሜው ቢበዛ ጥቂት ወራት ነው። ለመክፈቻዋ ጸሐፊ ድጋፍ መሆኑ ነው፤ እጅ ሲነሣ ነው ታንኳው የሚድነው።

14ኛው ታንኳ ስትል ደንገሉ የት አለ ብሎ እምቦጭ የተባለውን የውሃ አረም አነሣ። 15ኛውና 16ኛው ተከተሉት። አረሙ በጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ መታየቱን፣ ሲመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ እንደሚሆን፣ ከመጎተቱ በፊት አበባ ካወጣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት እንደሚቆይ፣ ተነቅሎ ዳር ላይ የተተወም በዝናብ ጎርፍ ተመልሶ እንደሚገባ ተጻጻፉ። ከልብ የተጻፈ ነው፤ ስለ ጸጋ ግን አይደለም። 17ኛው ላይ አወያዩ ገብቶ ለእምቦጭ ሌላ ክር እንዲከፈት ለመነ።

18ኛው ወደ ጉዳዩ ሊመልሰን ሲል ሌላ እሳት ጫረ። ከሙታን የተነሣው ጌታ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለደቀ መዛሙርቱ ያደረገላቸው ነገር ቁርስ ነው ይላል፤ የከሰል ፍም፣ ዓሣና እንጀራ። መረቡ 153 ዓሣ ይዞ ሳለ እሱ ግን አስቀድሞ የጠበሰው ነበረው። ከዚያ የቀረሶ አጠባበስን ጻፈ፤ እንደወጣ ሆዱ ይጸዳል፣ ጎንና ጎኑ ይተለተላል፣ ጨው ብቻ ይበቃዋል፣ ነበልባሉ አልፎ ፍሙ አመድ ሲለብስ ነው የሚወጣው፤ በነበልባል ላይ ከተጣደ ቆዳው ያርርና ሥጋው ጥሬ ይቀራል። 19ኛው ዛሬ ፍልሰታ መሆኑን አስታወሰው። 20ኛው በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ዐረጋዊ ክርክር ከፈተ። አወያዩ 21ኛው ላይ በሁለት ቃል ዘጋው። ጥሩ አደረገ፤ ያ ክርክር አንዴ ከተጀመረ እስከ ጳጉሜን አያልቅም።

22ኛው አንድ እናት ይመስላሉ፤ አጻጻፋቸው ቀስ ያለ ነው። እስካሁን ሁላችሁም ስለ ሊጥ አወራችሁ፣ እርሾውን ማን እንደሠራው ግን አልጠየቃችሁም ይላሉ። እርሾ የምትሠራ ሴት የለችም። ካለፈው ቡኮ ከላይ ከቀረረው ቢጫ ውሃ ይቀመጣል፤ ያ ደግሞ ካለፈው በፊት ከነበረው ነው። አዲስ ጎጆ የወጣች ልጅ ከእናቷ ወይም ከጎረቤት በጣሳ ትቀበላለች። እርሾ በገንዘብ አይሸጥም፣ ተለክቶም አይመለስም፤ ያበደረች ሴት የራሷ አይጎድልባትም፣ በሚቀጥለው ቡኮ ይተካልና። 8ኛው ልጄ ሳይገባን የተሰጠን ያለውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምን አለ ብለው ጨረሱ። ስምንተኛውን ልጄ ማለታቸው ክሩን አለዘበው።

23ኛው ግን አረማቸው፤ በአክብሮት። እርሾ ከሌለም ሊጥ ይቦካል፤ የጤፍ ዱቄት በውሃ ብቻ ተቦክቶ ቢቀመጥ አንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ አረፋ ያወጣል። የሚያቦኩት ነገሮች ከመጀመሪያውም በእህሉ ላይ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ሽታው ይከብዳል፣ ጣዕሙም አይረጋም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተቦካበት በኋላ ነው ደህና እርሾ የሚሆነው።

24ኛው እንደገና የመክፈቻዋ ጸሐፊ ናት፤ በዚህ እርማት ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ ካደረበት ሲነቃ፣ እግዚአብሔር በዚያ ስፍራ እንዳለ እሱ ግን እንዳላወቀ የተናገረበትን ዘፍጥረት 28ን ጠቀሰች። በእህሉ ላይ ነበረ፤ እኛ ከጎረቤት መጣ ብለን ነበር።

25ኛው የ3ኛው ጸሐፊ ነው። ስለ ረቂቃን ተሕዋስያኑ 23ኛው የጻፈው ትክክል ነው ብሎ መሰከረ። በቃሉ ግን አሁንም አልተስማማም፤ እሱ ዘንድ ይህ ተፈጥሮ ነው። የደብረ ታቦሩን ቀልድ ግን መለሰ፤ ለዛ የጎደለው ነበር አለ። 8ኛውም ባለበት ቆመ፤ 26ኛው ላይ የጻፈው በረከት በሚለው እንስማማ የሚል ብቻ ነው።

27ኛው ስለ ጸጋ አንድም ቃል የለውም። ቀበሌ 14 አካባቢ ያለች ሴት ናት፤ ቡሃቃዋን በበረኪና አጥባ የቀረው እርሾ ሞቶባታል። ዐርብ ማታ ማቡካት አለባት፤ ያለ እርሾ የሚቦካውን ለመጠበቅ ጊዜ የላትም። በሰፈሩ እርሾ ያለው ሰው ካለ ትጠይቃለች።

28ኛው መልስ የመጣው ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነው፤ የጻፉትም 22ኛዋ እናት ናቸው። ቡሃቃውን በብዙ ውሃ አለቅልቃ፣ የበረኪናው ሽታ ጨርሶ እስኪለቅ አንድ ቀን ክፍቱን እንድታውለው፣ ከዚያ ክዳን ያለው ጣሳ ይዛ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት እንድትመጣ ነገሯት፤ ከዚያ በኋላ እሳቸው ራሳቸው ሊያቦኩበት ነው።